ጥርስ ተሰብሮ ፊት ሲያብጥ፦ ጅማ ላይ የት እንታከም?

የተሰበረ ጥርስ ካላመመ ይረሳል። ቆሎ ውስጥ በተገኘች ጠጠር ተሰብሮ ይሆናል፣ ጠርሙስ በጥርስ ሲከፈት፣ ወይም ከባጃጅ ሲወደቅ። "ጊዜ ሳገኝ እታያለሁ" ይባልና ወራት ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ሌሊት ሲጠዘጥዝ ያድራል፣ ጠዋት ሲነሱ ጉንጭ አብጧል። ቤተሰብና ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ "መድኃኒት ቤት ሂድና አሞክሳሲሊን ግዛ" ይላል። ሌላው "ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽ" ይላል። ሦስተኛው "እዚህ ምን አለ፣ አዲስ አበባ ይሻላል" ይላል።

ይህን የምጽፈው በዚያ ጠዋት ግራ ለተጋባ ሰው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ፊት ካበጠ በኋላ ዋናው ጥያቄ የቱ ይቀርባል፣ የቱ ይረክሳል አይደለም። መግሉን ቶሎ የሚያስወጣልኝና ምንጩን የሚያክምልኝ ማን ነው? ጥያቄው ይሄ ነው። ቦታ የምትመርጡት በዚህ ነው።

እብጠቱ ከየት መጣ?

ጥርስ ከውጭ ድንጋይ ቢመስልም መሃሉ ሕይወት አለው። ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ክፍል ነው። ስብራቱ እስከዚያ ከደረሰ ጀርም ይገባል፣ ውስጡ ይቆጣል፣ ቀስ በቀስም ይሞታል። መግሉ በሥሩ ጫፍ ወርዶ አጥንቱን ይበሳና ወደ ድድ፣ ወደ ጉንጭ ወይም ወደ አንገት ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ነርቩ ሲሞት ወይም መግሉ አጥንቱን በስቶ ሲወጣ ሕመሙ በድንገት ጋብ ይላል። ሰውየው "ተሻለኝ" ብሎ ሥራ ይሄዳል። እብጠቱ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጨምረው። ሕመም ቀንሶ እብጠት ከጨመረ አልተሻላችሁም።

ክኒን ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው። የሞተው የጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይገባበትም። ክኒኑ ዙሪያውን ያበርዳል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ጀርሙ ግን ቤቱ ቁጭ ብሏል። ክኒኑ ሲያልቅ ይመለሳል። ብዙ ጊዜም ብሶ ነው የሚመለሰው።

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ሰውየውን እዩት

በሽተኛውን መስኮት አጠገብ ብርሃን ላይ አስቀምጡትና አፉን ይክፈት። ጤነኛ ሰው የራሱን ሦስት ጣቶች አቁሞ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል። ሁለት ጣት እንኳ ካልገባ የመንጋጋ ጡንቻዎቹ ተነክተዋል ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጥ። መዋጥ ያቃተው ወይም ምራቁን መዋጥ ከብዶት በከንፈሩ የሚያዝረበርብ ሰው የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ስሙን ይናገር፤ ድምፁ አፉ ውስጥ ትኩስ ድንች እንዳለ ሰው ታፍኗል? ምላሱ ወደ ላይ ተነስቷል? አገጩን ቀና አድርጎ ከመንጋጋው ሥር ዳብሱት። በሁለቱም በኩል እንደ እንጨት ጠንክሯል ወይስ እብጠቱ ጉንጩ ላይ ብቻ ነው? ዓይኑን እዩ፤ ቆቡ ተነፍቶ እየተዘጋ ነው? በጀርባው መተኛት አልችልም፣ ያፍነኛል ይላል? ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ነው? ይቃዣል፣ ያንቀጠቅጠዋል?

ከእነዚህ አንዱ ካለ ንጽጽሩ አለቀ። መድኃኒት ቤትም፣ ጥርስ ክሊኒክም፣ ነገ ጠዋትም አይታሰብም። ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

ምክንያቱን ማወቅ ውሳኔውን ያቀላል። ከታችኞቹ መንጋጋ ጥርሶች የሚነሳ መግል ከምላስ ሥር በሁለቱም በኩል ከተሠራጨ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋዋል። የአየር መንገድ በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። ሐኪሞች "ሉድቪግ አንጃይና" ይሉታል። ጠዋት እያወራ የነበረ ሰው ማታ መተንፈስ የሚያቅተው በዚህ ነው። የላይኛው የክራንቻ ጥርስ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። እብጠቱ በአፍንጫ ጎን ወደ ዓይን ይወጣል፤ ከዚያ አካባቢ ያሉት የደም ሥሮችም ከራስ ቅል ውስጥ ካሉት ጋር ይገናኛሉ። አልፎ አልፎ ቢሆንም ጀርሙ በዚያ በኩል ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል።

"የላይኛውን ጥርስ ማስነቀል ዓይን ያጠፋል" የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ለዓይን የሚያሰጋው መግል የቋጠረውን ጥርስ አፍ ውስጥ ማቆየት ነው።

ድንገተኛ ከሆነ የትኛው ሆስፒታል?

ጅማ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ከተማ ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል የሚመጣውን ሁሉ የሚቀበል ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። የምላስ ሥርና የአንገት እብጠት ላለበት ሰው የሚያስፈልገው ጥርስ ነቃይ ብቻ አይደለም። ኦክስጅን፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ የአየር መንገድ የሚከፍት ሰውና የቀዶ ሕክምና ክፍል ያስፈልገዋል። እነዚህን በአንድ ግቢ ማግኘት ነው የሆስፒታል ትርጉሙ። ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም ከተማው ውስጥ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ያላችሁበት ቦታ ለእሱ የሚቀርብ ከሆነና ሰውየው ትንፋሽ እያጠረው ከሆነ ወደ ቅርቡ ግቡ። ቀላል እብጠት ከሆነም ሊያክሙት ይችላሉ፣ ከባድ ከሆነ ይልካሉ።

ስትሄዱ ሰውየውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ባጃጅ ውስጥም ቢሆን አታስተኙት። ምናልባት ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ስለሚችል በመንገድ ላይ ምግብ አታብሉት። በር ላይ ስትደርሱ "ጥርሱን አሞት ነው" አትበሉ። እንደዚያ ካላችሁ ከጥርስ ሕመምተኞች ተራ ሊያስገቧችሁ ይችላሉ። "ፊቱና አንገቱ አብጧል፣ መዋጥ አቅቶታል፣ መተንፈስ ከብዶታል" በሉ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሰዓታት ታተርፋለች።

ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከሰርቦ ወይም ከአጋሮ በኩል ለምትመጡ፦ ማታ ከሆነ የጠዋት ሚኒባስ አትጠብቁ። በአካባቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የመጀመሪያውን መርፌ ሰጥቶ፣ ሪፈር ጽፎ አምቡላንስ ሊጠራ ይችላል። እዚያ መቆም ጊዜ ማባከን አይደለም። ጊዜ የሚያባክነው በየመንገዱ ባለ ትናንሽ ክሊኒክ ሁሉ እየወረዱ አንድ አንድ መርፌ መወጋት ነው።

አደገኛ ምልክት ከሌለ

ጉንጩ አብጧል፣ ያማል፣ ግን አፉ ይከፈታል፣ ይውጣል፣ ይተነፍሳል፣ አንገቱ ልስልስ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ምድብ ውስጥ ነው። ምርጫ ያለው ይሄ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ፣ ቢዘገይ ነገ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት።

የግል ጥርስ ክሊኒክ ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ጠዋት ደውሎ ከሰዓት መታየት ይቻላል። በአንድ ቀጠሮ ራጅ ተነስቶ፣ መግሉ ተከፍቶ፣ ጥርሱ ተነቅሎ ወይም የሥር ሕክምናው ተጀምሮ ሊወጣ ይችላል። ጉዳቱ ዋጋው ነው፤ ደግሞ ክሊኒክ ሁሉ አንድ አይደለም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ዛሬ ራሱ አለ ወይ? የጥርስ ራጅ አላችሁ ወይ? ያበጠ ሰው ዛሬ መግሉን ትከፍቱለታላችሁ ወይስ መድኃኒት ሰጥታችሁ ሳምንት ትቀጥራላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። "መጀመሪያ እብጠቱ ይጉደል" ብቻ የሚል ቦታ ለጊዜው መድኃኒት ቤት ከመሄድ ብዙም አይለይም። እዚያ ስትደርሱ የሥራ ፈቃዱን ግድግዳው ላይ እዩ። ዕቃው ከታሸገ ፓኬት ውስጥ ፊታችሁ ሲከፈት ለማየት ጠይቁ። አትፈሩ። ሄፓታይቲስና ኤችአይቪ በደንብ ባልተቀቀለ ዕቃ ይተላለፋሉ። ጥያቄው የሚያስቀይመው ባለሙያ ካለ ሌላ ቦታ መሄድ ነው።

የመንግሥት ሆስፒታል የጥርስ ክፍል በዋጋ ይሻላል። ነገሩ ከተወሳሰበም ሁሉም ባለሙያ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ለስኳር ሕመምተኛ፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ፣ የልብ ችግር ላለበት ሰው ያለማመንታት ይህን እመርጣለሁ። ወረፋው ግን ትዕግሥት ይፈትናል። በጠዋት መድረስ፣ ካርድ ማውጣት፣ ሪፈር መያዝ ያስፈልጋል። "ተማሪ መለማመጃ ሊያደርገኝ ነው" የሚል ፍርሃትም እሰማለሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን ያስተምራል፤ ስለዚህ ተማሪ ሊነካችሁ ይችላል። ተማሪው የሚሠራው ግን በመምህሩ ክትትል ነው። እኔ መምህር የቆመለትን ተማሪ፣ ማንም የማያየው ችኩል ባለሙያ ከሚነካኝ እመርጣለሁ።

ጤና ጣቢያ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። በአብዛኛው የጥርስ ወንበር የለውም። ሆኖም ሙቀትና የደም ግፊት ይለካል፣ ስኳር ያያል፣ ማስታገሻና ጸረ ጀርም ያዛል፣ ሪፈር ይጽፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደግሞ መንገዱ በእሱ በኩል ነው። ያለ ሪፈር ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ድንገተኛ ሲሆን ነው ይህ የሚቀረው። ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁ ሁለት ነገር ሳትይዙ አትውጡ፦ የመድኃኒት ማዘዣውንና የሪፈር ወረቀቱን። ክኒኑን ተቀብሎ ሪፈሩን ኪስ ውስጥ የረሳ ሰው ምንጩን አላከመም።

መድኃኒት ቤት ወንበሩ ጋ እስክትደርሱ ሕመም ማስታገሻ ለመግዛት ነው። ፓራሲታሞል ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም። አይቡፕሮፌን ለጥርስ ሕመም ጥሩ ነው፣ ምግብ ተበልቶ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም እርግዝና ካለ ግን አይሆንም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ "አንዱ አልቆረጠልኝም" ተብሎ ሌላው አይደረብም። አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ጸረ ጀርም ናቸው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ። ከጎረቤት የተረፈ ሦስት ፍሬ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። ጀርሙን ያለማምዳል እንጂ አይገድልም። ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘላችሁ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም አይቀመስ። "እብጠት ማጥፊያ መርፌ" እየተባለ የሚወጋውንም ምን እንደሆነ ጠይቁ። እብጠቱን አጥፍቶ ጀርሙን የሚተው መርፌ በሽታውን ይደብቃል።

የቤት ውስጥ ነገር

ለብ ባለ ጨው ውሃ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው። ከውጭ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር መያዝም ያስታግሳል። ትኩስ ጨርቅ ጉንጭ ላይ መያዝ ግን መግሉን ወደ ቆዳ ሊስበው ይችላል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥላል። አረቄ መያዝም ያው ነው።

ስለ ምች ልናገር። ዳማከሴ ማሸቱን በራሱ ክፉ ነው አልልም። የተሰበረ ጥርስ ባለበት በኩል ያበጠ ፊት ግን ምች አይደለም። ዳማከሴው የሚጎዳው ሦስት ቀን ሲያስጠብቅ ነው። ያበጠውን በምላጭ መብጣትና ወደ ባህላዊ ጥርስ ነቃይ መሄድ ደግሞ ጨርሶ አይሞከር። ማደንዘዣና ራጅ በሌለበት ሥሩ ተሰብሮ ይቀራል፣ ጀርሙም ወደ ጥልቅ ይገፋል።

ጅማ ላይ ስለሆንን አንድ ነገር ልጨምር። ጫት መቃም ሕመሙን ለጊዜው ያዘናጋል እንጂ አያክምም። በተሰበረው በኩል ጉንጭ ሙሉ ቅጠል ይዞ መዋል ድዱን ይበልጥ ያቆጣል። እስክትታከሙ ተዉት።

አዲስ አበባ መሄድ ያዋጣል?

ፊት አብጦ እያለ አያዋጣም። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀኑን ይበላል። እብጠቱ መሃል መንገድ ላይ ቢብስ የሚያክማችሁ ሆስፒታል ከኋላችሁ ቀርቷል። መጀመሪያ እዚሁ መግሉ ይውጣ፣ እሳቱ ይብረድ። ከዚያ በኋላ ለጥርስ ቆብ፣ ለተተከለ ጥርስ ወይም ለከባድ የሥር ሕክምና አዲስ አበባ የምታውቁት ሐኪም ካለ በሰላም ጊዜ መሄድ ትችላላችሁ።

ማስነቀል ወይስ ማዳን?

ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ሁለተኛው ምርጫ ይመጣል። ብዙ ሰው ሕመሙ ስላማረረው "ንቀለው በቃ" ይላል። ከመወሰናችሁ በፊት ስብራቱ ከድድ በላይ ነው ወይስ ከድድ በታች ብላችሁ ጠይቁ። ሥሩ ድረስ ለሁለት የተሰነጠቀ ጥርስ አይድንም፤ መንቀሉ ነው ሕክምናው። ከድድ በላይ በቂ አካል ከቀረው ግን የሥር ሕክምና ሊያድነው ይችላል። ብዙ ሰው "ሩት ካናል" የሚለው ነው። የሞተው ውስጡ ተጠርጎ፣ ታጥቦ ይደፈናል።

የሥር ሕክምና ከመንቀል ይበልጥ ውድ ነው፣ ከአንድ በላይ ቀጠሮም ሊጠይቅ ይችላል። የመንጋጋ ጥርስ ከሆነ በላዩ ቆብ ካልተደረገለት እንደገና ሊሰበር ስለሚችል ዋጋ ስትጠይቁ ቆቡን ጨምራችሁ ጠይቁ። መንቀል ዛሬ ርካሽ ነው። የፊት ጥርስ ሲሆን ግን ክፍተቱን መተካት ነገ ሌላ ወጪ ያመጣል። የኔ ምክር፦ የፊት ጥርስና ዋና የማኘኪያ መንጋጋ የሚድን ከሆነ ለማዳን ሞክሩ። መመላለስ የማትችሉ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ከሩቅ ገጠር ከመጣችሁ፣ ተጀምሮ ከሚቀር የሥር ሕክምና በአግባቡ የተነቀለ ጥርስ ይሻላል። በዚህ ማፈር የለም።

"ያበጠ ጥርስ አይነቀልም" የሚባለውም እንደ ሕግ መያዝ የለበትም። የተቆጣ ሥጋ ላይ ማደንዘዣ በደንብ አይሠራም፣ እውነት ነው። ሐኪሙ ግን ከእብጠቱ ራቅ አድርጎ ነርቩን ከምንጩ ሊያደነዝዝ ይችላል። አፍ የሚከፈት ከሆነ በዚያው ቀን መንቀል ብዙ ጊዜ ይቻላል። ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ እናንተ ምክንያቱን ጠይቁ።

ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ስኳር፣ አደጋ

"የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል" ተብሎ ያበጠ ሕፃን ቤት አይቀመጥም። ከሥሩ የሚጠብቀውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል፤ ሕፃን ደግሞ ቶሎ ይዳከማል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ነፍሰ ጡር ሴት መግል ይዛ እስክትወልድ መጠበቅ የለባትም፤ ድንገተኛ የጥርስ ሕክምና በየትኛውም ወር ይሰጣል። እርጉዝ መሆኗን ለሐኪሙም ለመድኃኒት ቤቱም ትንገር። ስኳር ያለበት ሰው ፊቱ ካበጠ ደሙን ያስለካ። መግሉ ስኳሩን ያስነሳል፣ ስኳሩ መግሉን ያባብሳል።

እብጠቱ ከመውደቅ ወይም ከግጭት በኋላ ወዲያው የመጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ጥርሶቻችሁ እንደ ድሮው አልገጥም ካሉ ወይም የታች ከንፈራችሁ ከደነዘዘ መንጋጋ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ሆስፒታል ሂዱ። ሙሉ በሙሉ የወለቀ ቋሚ ጥርስ ካለ ሥሩን ሳትነኩ አንሱት፣ ወተት ውስጥ ክተቱት፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ድረሱ። መልሶ ሊተከል ይችላል። የወተት ጥርስ ግን ተመልሶ አይተከልም።

ከታከማችሁ በኋላ

መግሉ ከወጣ በኋላ እብጠቱ በሁለት ቀን ውስጥ መቀነስ መጀመር አለበት። ሐኪሙ ያዘዘውን ጸረ ጀርም ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ከ48 ሰዓት በኋላ ካልቀነሰ ወደ ሌላ ክሊኒክ አዲስ ካርድ ለማውጣት አትሂዱ። ራጁን፣ ማዘዣውንና የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ወዳከማችሁ ሐኪም ተመለሱ። መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ ወይም ከላይ ካነሳኋቸው አደገኛ ምልክቶች ሌላው ከመጣ ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።